ሥሩ አልሞተም

እናቴ በቪዲዮ ስልክ ስታየኝ መጀመሪያ ያለችው «ማን ሞተ?» ነው።

ጸጉሬን ከተላጨሁ ሁለተኛ ቀኔ ነበር። ሻሽ አለማሰሬን ረስቼ ስልኩን አነሳሁት። እሷ ደሴ፣ እኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። በአገራችን ሴት ልጅ ራሷን ሙልጭ አድርጋ የምትላጨው የቅርብ ሰው ሲሞትባት ነው፤ አያቴ ያረፉ ጊዜ እናቴም ተላጭታ አይቻታለሁ። ስለዚህ ልጇን እንዲህ ስታያት ሐሳቧ የሚሄድበት ሌላ አቅጣጫ አልነበረም። «ማንም አልሞተም እማዬ፤ ላሽ ነው። ራሴን በላው፤ የቀረችውን እኔ ላጨኋት» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። የሳሎኑን ኮርኒስና አምፖሉን እያየሁ ስታለቅስ ሰማኋት።

ላሽ ለቤታችን አዲስ አልነበረም። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ ሹሩባ ልትሠራኝ ጉልበቶቿ መሃል አስቀምጣኝ በማበጠሪያው ጫፍ መስመር ስታወጣ፣ ድንገት እጇ ቆመ። ከጆሮዬ በላይ ሃምሳ ሳንቲም የምታክል ክብ ቦታ አገኘች። ልሙጥ ናት፤ እንደ ሕፃን ጉንጭ የለሰለሰች። ቅርፊት የላትም፣ አታሳክክም፣ አታምም። ጎረቤት ተጠራ። ምላጭ መጣ፣ ነጭ ሽንኩርት ተወቀጠ። ቦታውን በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርገው ደም ሲያቅር ሽንኩርቱን አሹበት። ቃጠሎው እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ከአራት ወር በኋላ ጸጉሩ በቀለ፤ ነጭ ሽንኩርቱም በሰፈራችን ስሙ ገነነ።

ዛሬ የማውቀውን ያን ጊዜ የሚነግረን ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለች ትንሽ ክብ አብዛኛውን ጊዜ ማንም ሳይነካት በወራት ውስጥ፣ ቢበዛ በዓመት ራሷ ትበቅላለች። ሽንኩርት ቢቀቡት፣ ጥቁር አዝሙድ ቢቀቡት፣ ምንም ባይቀቡትም ያው ነው። እናቴን አልወቅሳትም። የቆዳ ሐኪሞችም ቢሆኑ ዳይፌንሲፕሮን የሚባል ኬሚካል ቀብተው ቆዳውን ሆን ብለው የሚያስቆጡበት ሕክምና አላቸው፤ ለአንዳንዱ ሰው ይሠራል። ያ ግን በልክ፣ በክትትል ነው። ምላጩና ያልተለካው ቃጠሎ ቁስል ይተዋል፤ ቁስሉ ጠባሳ ሲሆን የጸጉሩ ሥር ያኔ በእርግጥ ይሞታል። ላሹ ራሱ ሥሩን አይገድልም። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ለእያንዳንዷ እናት ብነግራት የምመኘው ይህንኑ ነው።

ላሽና ቆረቆርም አንድ አይደሉም። ቆረቆር ፈንገስ ነው፤ በማበጠሪያ፣ በባርኔጣ፣ በጸጉር አስተካካይ ማሽን ከልጅ ወደ ልጅ ይሄዳል፤ በፈንገስ መድኃኒት ይድናል። ላሽ ከማንም አይመጣም፣ ለማንም አይሄድም። ከመቶ ሰው ሁለቱን ያህል በዕድሜው አንድ ጊዜ ይጎበኛል፤ ዘር፣ ጾታ፣ አገር አይመርጥም። ልጅ ሳለሁ አስተማሪዬ በቆረቆር ጠርጥረውኝ ከጓደኞቼ ነጥለው የኋላ ወንበር ላይ ብቻዬን አስቀምጠውኝ ነበር። የሽንኩርቱን ቃጠሎ ሳልረሳ ይቅር ብያለሁ፤ የዚያችን ወንበር ነገር ግን ዛሬም ሳስባት ሆዴ ይባባል።

ሁለተኛው የመጣው በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የአበሻ ጸጉር ቤቶች በአንዱ ታጥቤ፣ ካስክ ውስጥ ተቀምጬ ወጥቼ፣ ልጅቷ ፔስትራ ልታደርገኝ ከኋላዬ ቆማ ጸጉሬን ከፈለችው። ወሬዋን አቋረጠች። ምንም ሳትለኝ ትንሿን መስታወት አምጥታ ከማጅራቴ ኋላ ያዘችልኝ። ሦስት ክቦች። አንዷ ብቻዋን የእጄን መዳፍ ታክል ነበር። «እህቴ፣ ሐኪም አይተሻል?» አለችኝ ቀስ ብላ፣ ሌሎቹ ደንበኞች እንዳይሰሙ። ሒሳቡን ልከፍል ስል አልተቀበለችኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው በአምስት ወር ውስጥ አለቀ። ክቦቹ ሰፉ፣ ተገናኙ። ትራሴን ማራገፍ የጠዋት ሥራዬ ሆነ። ጸጉሩ ሄዶ ሲያልቅ ቅንድቤ ተከተለ፣ ከዚያ ሽፋሽፍቴ። ስለ ጸጉር ሁሉም ሰው ያዝናል፤ ስለ ቅንድብና ስለ ሽፋሽፍት ግን ማንም አይነግርህም። ላብ ከግንባር ቀጥታ ወደ ዓይን ይወርዳል። ንፋስ ሲነሳ አቧራውን የሚያግደው የለም። የአፍንጫም ጸጉር ሲሄድ ጉንፋን ሳይኖር አፍንጫ ሲፈስ ይውላል፤ አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ሳላውቀው ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጠብ አለ። ይህን የምጽፈው በሽታውን «የውበት ጉዳይ» ለሚሉ ሁሉ ነው፤ ወደ እነሱም እመለሳለሁ።

የቆዳ ሐኪሜ ራሴን የለካችው ከተላጨሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው። መለኪያው ሳልት ይባላል። የራስ ቅል በአራት ይከፈላል፦ አናቱ 40 ከመቶ፣ የኋላው 24፣ ግራና ቀኙ 18፣ 18። በየክፍሉ ምን ያህሉ እንደተራቆተ ይገመትና ይደመራል። ዜሮ ማለት ሙሉ ጸጉር፣ መቶ ማለት ምንም። በጓንት ጣቶቿ ራሴን እያዳሰሰች፣ ጥቁር ነጥብ የምታክል እድገት ያለበትንና የሌለበትን እየለየች ቁጥሩን ጮክ ብላ ለረዳቷ ጠራችላት። የእኔ 97 ነበር። ከዚያ ጣቶቼን ዘርግታ ጥፍሮቼን አየች፤ በስፒል የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ነበሩባቸው። ለዓመት ያህል ከሥራ የመጣ ይመስለኝ ነበር፤ እነሱም የላሹ ናቸው።

እንደ እኔ ያለውን ጸጉር ምን እንደሚያጠቃው የገለጸችልኝ ወረቀት ላይ ሽንኩርት የሚመስል ነገር ሥላ ነው። የጸጉር ሥር የታችኛው ጫፍ እንደ ሽንኩርት እራስ ያበጠ ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ይህ እራስ ከሰውነት መከላከያ ሠራዊት ተደብቆ ይኖራል፤ ሴሎቹ ሁሉ ለወታደሮቹ የሚያሳዩትን መታወቂያ እሱ አጥፎ ይይዘዋል፣ ወታደሮቹም ሳያዩት ያልፋሉ። ላሽ ያለበት ሰው ላይ መደበቂያው ይፈርሳል። ነጭ የደም ሴሎች መጥተው ይከቡታል። ቆዳው ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሚገኘውን መልክ የፓቶሎጂ ባለሙያዎች «የንብ መንጋ» ይሉታል፤ እራሱን እንደ ቀፎ ከበው ማለት ነው። ጸጉሩ ደንግጦ ሥራ ያቆማል፣ ይቀጥናል፣ ይረግፋል። አዲስ ጸጉር የሚያወጡት እናት ሴሎች ግን ያሉት ከዚያ ከፍ ብሎ ነው፤ መንጋው እነሱን አይነካቸውም። ሃያ ዓመት የተራቆተ ራስ ሥር እንኳ ሥሩ ተኝቶ ሊጠብቅ ይችላል።

«ስለዚህ ራስሽ በረሃ አይደለም» አለችኝ። «የተከበበ ከተማ ነው።»

ከበባውን ማን እንደሚያዝዘው የታወቀበት ታሪክ ራሱ ልብ የሚነካ ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጸጉርን ጄኔቲክስ የሚያጠኑት አንጄላ ክሪስቲያኖ ላሽ የያዛቸው ሴት ናቸው፤ የገዛ ራሳቸውን በሽታ ነው ላቦራቶሪ ይዘውት የገቡት። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ከሺህ የሚበልጡ ሕሙማንን ዘረመል ከጤነኞች ጋር አነጻጽረው፣ ላሽ በዘር የሚዛመደው ልጆችን ከሚይዘው የስኳር በሽታና ከአንጓ ብግነት ጋር እንደሆነ አሳዩ። ቀጥለው በ2014 በወታደሮቹና በጸጉሩ ሥር መካከል የሚመላለሰውን መልእክት ለዩት። ወታደሩ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል መልእክተኛ ይልካል፤ ሥሩ ሲደነግጥ ኢንተርሉኪን 15 የሚባል ሌላ መልእክት ይመልሳል፤ ይህ ደግሞ ተጨማሪ ወታደር ይጠራል። ዙሩ አያባራም። ሁለቱም መልእክቶች ሴል ውስጥ ዘልቀው የሚሰሙት ጃክ በሚባሉ ኢንዛይሞች በኩል ነው።

በዚያው ዓመት ከየል ዩኒቨርሲቲ አንድ አጭር ዘገባ ወጣ። የ25 ዓመት ወጣት ሶርያሲስ በሚባል የቆዳ በሽታ ወደ የቆዳ ሐኪሙ ብሬት ኪንግ ይመጣል። ያ በሽታ ካረፈበት ቦታ ውጪ ገላው ላይ ጸጉር የሚባል የለም። ሐኪሙ ለአንጓ ብግነት የተፈቀደውን ቶፋሲቲኒብ የሚባል የጃክ ማገጃ ሰጡት። በሁለት ወር ውስጥ ለሰባት ዓመት ያላየው ጸጉር ብቅ አለ፤ በስምንተኛው ወር ራሱ፣ ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ፣ ጺሙ ሁሉ ተመልሶ ነበር። ዘገባውን ሳነብ ያስለቀሰኝ ሽፋሽፍቱ ነው።

ከአንድ ሰው ወደ ብዙ ሰው ለመሻገር ስምንት ዓመት ፈጀ። ባሪሲቲኒብ በተባለው መድኃኒት በተካሄዱት ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ከራሳቸው ጸጉር ቢያንስ ግማሹን ያጡ 1,200 አዋቂዎች ተሳተፉ። በ36 ሳምንት፣ አራት ሚሊግራም ከወሰዱት ውስጥ በአንደኛው ሙከራ 38.8፣ በሌላው 35.9 ከመቶው ራሳቸው ቢያንስ ሰማንያ ከመቶ በጸጉር ተሸፈነ። ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ውስጥ ደግሞ 6.2 እና 3.3 ከመቶው። እነዚህ በማስመሰያ ክኒን የበቀለላቸው ሰዎች ናቸው የእናቴን ነጭ ሽንኩርት ያስታወሱኝ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. ሰኔ 2022 ባሪሲቲኒብን ፈቀደ፤ ለከባድ ላሽ በአፍ የሚወሰድ የመጀመሪያው የተፈቀደ መድኃኒት ሆነ። በ2023 ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉ የሚሆነው ሪትለሲቲኒብ፣ በ2024 ደግሞ ዲውሩክሶሊቲኒብ ተከተሉት።

ሐኪሟ ቁጥሮቹን አላሳመረችልኝም። ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ የሄደበትና ዓመታት የቆየበት ሰው ዕድሉ ከዚያ ያንሳል። ከሦስት ሰው ለሁለቱ ያ ግብ በ36 ሳምንት አልተደረሰም። እኔ ግን አንድ ዓመት ሳይሞላኝ ስለመጣሁ በጎ ተስፋ አላት። «እንጀምር?» አለችኝ። እንጀምር አልኳት። ደም ቀዱኝ፦ ጉበት፣ ኮሌስትሮል፣ የደም ሴል ቆጠራ፣ ሄፓታይተስ፣ ቲቢ።

ቲቢው ተገኘ።

ምልክት የሚባል አልነበረኝም፤ ሳል የለ፣ ትኩሳት የለ፣ የደረት ራጅም ንጹሕ ነው። ክንዴ ላይ ያለው የቢሲጂ ክትባት ጠባሳ አሳስቷቸው ይሆናል ብዬ ተከራከርኩ። ቆዳ ላይ የሚደረገውን ምርመራ ክትባቱ ሊያሳስተው ይችላል፤ ኳንቲፌሮን የሚባለውን የደም ምርመራ ግን አያሳስተውም። የነበረኝ የተኛ ቲቢ ነው። ከዓለም ሕዝብ ሩቡ ያህል እንዲህ ተሸክሞት እንደሚኖር ይገመታል፤ አገራችን ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች ተርታ ከመደባቸው አንዷ ናት። አይተላለፍም፣ አያሳምምም። ሳንባ ውስጥ በመከላከያ ሴሎች ታጥሮ ይተኛል።

አጥሩን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ ስጠይቅ ነው ነገሩ ሁሉ የተገለጠልኝ። ኢንተርፌሮን ጋማ ነው። ምርመራውም ራሱ የሚለካው እሱን ነው፤ ደሜ የቲቢን ቁራጭ ሲያይ ምን ያህል ኢንተርፌሮን ጋማ እንደሚያወጣ። ከደሴ ጀምሮ፣ ማን ያውቃል ከየትኛው ታክሲ ውስጥ የገባብኝን ባክቴሪያ ለዓመታት አስተኝቶ ያቆየልኝ ዘበኛ፣ ጸጉሬን የበላው ራሱ ነው። መድኃኒቱ ዘበኛውን አንዱ በር ላይ ብቻ ዝም በል ሊለው አይችልም። ጃክ የሚለው ስም ከጃኑስ የመጣ ነው፤ የጥንት ሮማውያን የበር አምላክ፣ ሁለት ፊት ያለው፣ አንዱ ወደ ውስጥ አንዱ ወደ ውጭ የሚያይ። ኢንዛይሙ ሁለት ተመሳሳይ ክፍል ስላለው ነው የሰየሙት፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙን የምሰማው በሌላ ጆሮ ነው።

ስለዚህ የጸጉር መድኃኒቴ የተጀመረው በሪፋምፒሲን ነው። በቀን ሁለት ቀይ ካፕሱል፣ በባዶ ሆድ፣ ለአራት ወር። አንዳንድ ሐኪም የቲቢውን ሕክምና ጀምሮ ወር ያህል ከቆየ በኋላ ሁለተኛውን ይጨምራል፤ የእኔዋ እንድጨርስ መረጠች። ሽንቴ ብርቱካንማ ሆነ፣ ላቤም እንደዚያው፤ ነጭ ሸሚዝ መልበስ ተውኩ። ለእናቴ «ቲቢ» የሚለውን ቃል ሳልነግራት ብቀር ይሻለኝ ነበር። ሳንባ ነቀርሳ ማለት በእሷ ትውልድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የተኛ ነው፣ አይተላለፍም ብዬ ባስረዳትም በማግሥቱ ሱባኤ ገባች።

በሦስተኛው ወር የኢንሹራንስ ኩባንያዬ ደብዳቤ ደረሰኝ። ለባሪሲቲኒብ የተጠየቀውን ቅድሚያ ፈቃድ አልተቀበሉም፤ ምክንያት፦ «ለውበት የሚደረግ ሕክምና»። ወጥ ቤት ቆሜ ነው ያነበብኩት። ቀና ስል ዓይኔን በሶፍት ጠረግኩ፤ ሶፍቱ ላይ ያለው እንባ ብርቱካንማ ነበር። ያንን ሶፍት እያየሁ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። የሚንጠለጠልበት ሽፋሽፍት ስለሌለ እንባው ወዲያው ይወርዳል።

ሐኪሟ የይግባኝ ደብዳቤ ጻፈች፤ የሳልት ቁጥሬን፣ የራሴን ፎቶ፣ የጥፍሮቼን ፎቶ፣ የሙከራዎቹን ውጤት አያይዛ። እኔም የራሴን ጻፍኩ፤ ስለ ላብና ስለ አቧራ። በሰባተኛው ሳምንት ፈቀዱ። ዋጋው ለምን እንደሚያስፈራቸው ይገባኛል፤ ሪትለሲቲኒብ ገበያ ሲገባ የተቆረጠለት የዓመት ዋጋ 49 ሺህ ዶላር ነበር። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት እንኳ ባሪሲቲኒብን በ2023 አልሸፍንም ብሎ፣ ሪትለሲቲኒብን በ2024 ተቀበለ። ዋጋው ከበደ ብሎ መከራከር አንድ ነገር ነው። በሽታውን በሽታ አይደለም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አልቀበልም።

ክኒኑ ሮዝ ነው፣ ክብ፣ ከአተር ብዙም የማይበልጥ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ሲዘረጋ ጠረጴዛዬን ሸፈነው፤ ከላይ በጥቁር መስመር የታጠረው ማስጠንቀቂያ ነው። ከባድ ኢንፌክሽን፣ ካንሰር፣ የልብ ጥቃትና ስትሮክ፣ የደም መርጋት፣ ሞት። ማስጠንቀቂያው በዋናነት የመጣው ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆነና ለልብ ሕመም የሚያጋልጥ ነገር ባለባቸው የአንጓ ብግነት ሕሙማን ላይ በቶፋሲቲኒብ ከተደረገ ጥናት ነው፤ የላሽ ሕሙማን አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ቢሆንም ለመድኃኒቶቹ ቤተሰብ ሁሉ ተጽፏል፣ እኔም ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አላጨስም። የደም መርጋት በቤተሰባችን የለም። አልማዝ ባለጭራ እንዳይነሳብኝ አስቀድሜ ተከተብኩ። ከዚያ ውሃ ቀዳሁና ዋጥኳት።

ስድስት ሳምንት ምንም። ስምንት ሳምንት ምንም። በየጠዋቱ መታጠቢያ ቤት በሩን ዘግቼ የስልኬን መብራት ከጎን አበራለሁ፤ ከፊት ካበሩት አይታይም። በዘጠነኛው ሳምንት፣ እሑድ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን እየተዘገጃጀሁ፣ ከግራ ቅንድቤ ቦታ ላይ የሆነ ነገር አበራ። የጨርቅ ክር የተለጠፈብኝ መስሎኝ ልጠርገው ስል አልጠረግ አለ። ነጭ ነበር፣ እንደ በቆሎ ጸጉር የቀጠነ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ከዚያ ሌላ። ከዚያ አራት። ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ እንደተንጠለጠለ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ቅዳሴው ሳልደርስ ወጣ።

ነጭነቱ ምክንያት አለው። ወታደሮቹ በተለይ የሚያነጣጥሩት ቀለም በሚያመርተው ጸጉር ላይ ነው፤ ሽበት ብዙ ጊዜ ይተርፋል። «በአንድ ሌሊት ሸበተ» የሚባለውም ታሪክ ከዚህ ሳይመጣ አይቀርም፤ ጥቁሩ በድንገት ሲረግፍ ሽበቱ ብቻውን ይቀራል። ሲመለስም ነጩ ይቀድማል፣ ቀለሙ በኋላ ይከተላል። በአምስተኛው ወር ቅንድቤ ጠቆረ። ራሴ በየቦታው ዝንጉርጉር ሆኖ መጣ፤ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ሽበት፣ ጎኖቹ ገና ባዶ። ጸጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው፤ መድኃኒቱ ፍጥነቱን አይጨምርም፣ መንገዱን ብቻ ይለቃል። በአርባ ዓመቴ ደጃፍ እንደ ጎረምሳ ብጉር ወጣብኝ፤ ኮሌስትሮሌ ከፍ አለ፤ አንድ ጉንፋን ሦስት ሳምንት ቆየብኝ።

እንደዳንኩ የተሰማኝ ጊዜ ነበር። ከዚያ ሥራ ቀየርኩ፤ ከአንዱ ኢንሹራንስ ወደ ሌላው ስሻገር ለአምስት ሳምንት ክኒኑ ተቋረጠ። በአምስተኛው ሳምንት ትራሴን ሳነሳ አየኋቸው፤ ስድስት ወይም ሰባት አጫጭር ጸጉሮች፣ ሥራቸው የቀጠነ። በሙከራው ላይም ጸጉራቸው ከተመለሰላቸው በኋላ ሳይነገራቸው ወደ ማስመሰያ ክኒን የተዛወሩት አብዛኞቹ መልሰው አጥተውታል። መድኃኒቱ ወታደሮቹን አይገድላቸውም፤ ስልካቸውን ነው የሚቆርጠው። መስመሩ ሲቀጠል ትዝታቸው አለ፣ ይመጣሉ። እስከ መቼ እንደምወስደው ጠይቄያለሁ። እየሠራልሽ፣ እየተስማማሽ እስከቆየ ድረስ ነው መልሱ።

ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት ደወለልኝ፤ የጓደኛዬ ወንድም ነው። ሠርጉ ሦስት ወር ቀርቶታል፤ ጺሙ ላይ ሁለት ክቦች ወጥተውበታል። «እህቴ፣ ያንን ክኒን ሰው ሲመጣ ላኪልኝ፤ የህንዱም ቢሆን ግድ የለም» አለኝ። የህንዱ እውነት ነው፤ ባሪሲቲኒብ ለኮቪድ ሕሙማንም ይሰጥ ስለነበር በ2021 ለበርካታ የህንድ ኩባንያዎች የማምረት ፈቃድ ተሰጥቷቸዋል፣ ዋጋውም ከአሜሪካኑ ጋር አይወዳደርም። አልላክሁለትም። ለሁለት ክብ ይህ መድኃኒት አይደለም የሚሰጠው፤ ቦታው ላይ ስቴሮይድ በቀጭን መርፌ መወጋት ነው፣ እሱም እዚያው ይገኛል። አለርት ሆስፒታል ሄዶ የቆዳ ሐኪም እንዲያይ ነገርኩት። ደግሞም በሻንጣ የመጣ ክኒን ከቲቢ ምርመራ ጋር አይመጣም። እኔ ራጄ ንጹሕ ነበር፣ አላስልም ነበር፣ ጠንካራ ነበርኩ፤ ያንን የደም ምርመራ ባይጠይቁኝ ኖሮ የተኛውን በገዛ እጄ እቀሰቅሰው ነበር። በአገራችን ይህን መድኃኒት ለመጀመር የሚያስብ ሁሉ፣ ሐኪሙም ሕመምተኛውም፣ ከሁሉ በፊት ይህችን ምርመራ ይጠይቅ። ወጣቱ በመጀመሪያ ተቀየመኝ። በኋላ የሠርጉን ፎቶ ላከልኝ፤ አንዷ ክብ ተሸፍናለች፣ አንዷ በአገጩ ሥር አለች፣ እሱ እየሳቀ ነው።

በእነዚያ ወራት ደጋግሜ ያየሁት አንድ ቪዲዮ ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ የማሳቹሴትስ ተወካይ አያና ፕሬስሊ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ዊጋቸውን አውልቀው በባዶ ራሳቸው ካሜራ ፊት የተናገሩበት ነው። የመጨረሻው ጸጉራቸው የረገፈው በታኅሣሥ 2019፣ ፕሬዚዳንቱን ለመክሰስ ድምፅ በሚሰጥበት ዋዜማ ሌሊት እንደሆነ፣ በማግሥቱም ዊግ አድርገው ወደ ምክር ቤቱ እንደገቡ ይናገራሉ። እሳቸው በባዶ ራሳቸው መኖርን መረጡ፤ እኔ ክኒኑን መረጥኩ። ሁለቱም ምርጫ ነው። ከክኒኑ በፊት ለወራት ሻሽ ሳላስር ሥራ ገብቻለሁ፤ ያንን ያስቻሉኝ እሳቸው ናቸው።

እናቴ ክኒኑን በጀመርኩ በአሥራ አንደኛው ወር መጣች። ደለስ አየር ማረፊያ ስቀበላት ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ መጀመሪያ የሳመችው ቅንድቤን ነው፣ ግራና ቀኙን። ቤት ገብታ ቡና ከጠጣን በኋላ ማበጠሪያ አምጪ አለችኝ። ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ምንጣፉ ላይ፣ ጉልበቶቿ መሃል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ካገኘችው ጨው የሌለበት የሱፐርማርኬት ቅቤ ቆርሳ በመዳፏ አሸችው፤ ሽታው እንደ አገር ቤቱ ባይሆንም ዝም አለችው። ጸጉሬ ከጣት ርዝመት አይበልጥም፤ ለሹሩባ ገና ነው። እሷ ግን በማበጠሪያው ጫፍ መስመር ማውጣት ጀመረች።

ማጅራቴ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ይቺስ?»

የት እንደሆነች አውቃለሁ። ከቀኝ ጆሮዬ ኋላ፣ ሃምሳ ሳንቲም የምታክል፣ ልሙጥ።

«እሷ ገና ናት እማዬ።»

ጣቷን ቦታው ላይ አሳረፈችው። ቆየች። ከዚያ ከመዳፏ ትንሽ ቅቤ ቆርሳ እሷንም ቀባቻት፣ ቀስ ብላ፣ ሳትፍቅ፤ ቀጥላም መስመሯን አወጣች።